ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም የሚባለው የት ድረስ ነው እውነቱ?

ፎቶኮፒ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሦስቱም ዊንዶውስ። ሥራውን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ፍላሽ ስንሰካና ስንነቅል ነው የምንውለው። ቫይረስ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ፎርማት እናደርገዋለን፣ ትንሽ ቆይቶ እዚያው ነው። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ አንቲቫይረሱም ክራክ ነው። እንግዲህ አትፍረዱብኝ፣ አብዛኛው ቤት እንደዚሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፕሮግራመር ነው። «ሁሉንም ሊኑክስ ሚንት አድርገውና ተገላገል። ሊኑክስ ቫይረስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ አንቲቫይረስም አያስፈልግህም» ብሎ አንዱ ላይ ሚንቱን ጫነልኝ (ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ሲስተም ነው፣ ሚንት አንዱ ዓይነቱ ነው)። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ነፍስ ዘርቷል። ግን ኔትወርክ የሚሠራ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «የዓለም ሰርቨር አብዛኛው ሊኑክስ ነው። ሌባ ባንኩን ትቶ ጉሊት ይሰርቃል እንዴ?» አለኝ።

ማንን ልመን? የቀሩትን ሁለት ማሽኖች ከመቀየሬ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። አንቲቫይረስ ልጫን ወይስ ልተው? የደንበኛ ፍላሽ በቃ ምንም አያደርገኝም? ደግሞ ኔት እየተቆራረጠ ትልልቅ ፋይል ማውረድ ስላቃተኝ ጎግል ላይ ፈልጌ የዳውንሎድ ፕሮግራም በዴብ ፋይል (የሊኑክስ መጫኛ ፋይል) አውርጄ ጭኛለሁ። እሱስ ችግር አለው?

ሲስተም_ሰው፦

የአክስትህ ልጅ ስለ ፍላሹ ልክ ነው። ስለ ቀረው ግን ያ የኔትወርክ ደንበኛህ ይሻልሃል።

ከፍላሹ ልጀምር። የሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ለዊንዶውስ የተጻፈ ነው። ኢኤክስኢውም ቪቢኤሱም (ዊንዶውስ ላይ የሚነሱት ፋይሎች) ሚንት ላይ ሲመጣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ፋይል ነው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ዋይን ካልጫንክ በስተቀር አይነሳም። እንዲያውም አንድ የምትወደው ነገር ልንገርህ። ተማሪው ፍላሹን ይዞ «የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ፣ ሾርትከት ብቻ ነው የሚታየኝ» እያለ ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣ ሚንቱ ላይ ሰካው። ቫይረሱ ፋይሉን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል። ዊንዶውስ «ይህ የተደበቀ ነው» የሚለውን ምልክት አይቶ ይሰውርልሃል፣ ሊኑክስ ግን የሚደብቀው ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ብቻ ስለሆነ ሁሉንም አውጥቶ ያሳይሃል። አንዳንዴ ስም የሌለው፣ ባዶ የሚመስል ፎልደር ታያለህ፤ ሰውየው ያጣው ነገር በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጠህ፣ ሾርትከቶቹንና የማታውቃቸውን ኢኤክስኢዎች ሰርዘህ፣ ፍላሹን መልስለት። በቀን ስንት ሰው እንደሚመርቅህ ታያለህ።

ዴብ ፋይሉ ግን አስደንግጦኛል። የትኛውን ነው የጫንከው? ስሙን ንገረን።

የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀርን ታውቀው ይሆናል፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት እውነተኛ ፕሮግራም ነው። የአንቲቫይረስ ድርጅቱ ካስፐርስኪ በመስከረም 2023 ያወጣውን ጽሑፍ ላውራህ (ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትደናገሩ)። የፕሮግራሙ ዋና ድረ ገጽ ላይ ሰርጎ የገባ ሰው ነበር። የሊኑክሱን ቅጂ ሊያወርዱ ከመጡት ውስጥ የተወሰኑትን ብቻ መርጦ ወደ ሌላ አድራሻ ይልካቸዋል። እዚያ የሚያገኙት ዴብ ፋይል ፕሮግራሙን በደንብ ይጭንላቸዋል፣ ይሠራል፣ ያወርዳል። ግን ሲጫን ጎን ለጎን ሁለት ነገር ቫር ቲኤምፒ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። አንደኛው ክሮንዲ ተብሎ ነው የተሰየመው፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ ከድሮ ጀምሮ ያለ የታወቀ ሠራተኛ ስም ነው፤ ብታየውም አትጠረጥረውም። በየ10 ደቂቃው እየተነሳ ይሠራል። በመጨረሻ የሚወስደው ምን መሰለህ፦ የብሮውዘር ታሪክ፣ የተቀመጡ ፓስዎርዶች፣ የክሪፕቶ ዋሌት፣ የክላውድ መግቢያዎች።

ይህ ከ2020 እስከ 2022 ቆየ። የሚገርመው ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ላይ «ይህ ፕሮግራም ማሽኔ ላይ ምን እያደረገ ነው? ሲዘጋ ያስቸግረኛል» ብለው ይጠይቁ ነበር። መላሾቹም ፋይሉን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ይነግሯቸው ነበር። ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሊኑክስ ነዋ!

ተርሚናል_ወዳጅ፦

ኧረ ባካችሁ ልጁን አታስፈራሩት። አንድ ድረ ገጽ ተጠለፈ ተብሎ ሊኑክስና ዊንዶውስ እኩል ሊሆኑ ነው? እኔ ስንት ዓመት ስጠቀም አንቲቫይረስ የሚባል ጭኜ አላውቅም፣ አንድም ቀን ምንም አልሆንኩም። ፓስዎርድ ሳትሰጠው ሲስተሙን የሚነካ የለም። ፕሮግራሙ የሚመጣው ከሪፖዚተሪ (ከሊኑክሱ የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ) ነው፣ ተፈርሞበት ነው የሚመጣው። ኮዱ ደግሞ ክፍት ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያየዋል። ማን ነው እዚያ ውስጥ ቫይረስ የሚደብቀው?

ወንድሜ ፎቶኮፒ፣ ቀይራቸውና እፎይ በል።

ሲስተም_ሰው፦

@ተርሚናል_ወዳጅ ሪፖዚተሪ ያልከው ላይ እስማማለሁ፣ እኔም ልለው የነበረው እሱን ነው። ፓስዎርድ ሳይሰጠው ያልከው ላይ ግን ቆም እንበል።

ሱዶ፣ ማለትም ፓስዎርድ የሚጠይቅህ ነገር፣ የሚጠብቀው ሲስተሙን ነው። አንተን አይደለም። የብሮውዘርህ ፓስዎርድ፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕህ መግቢያ፣ የደንበኛ ዶክመንት፣ የኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከሩቅ የሚገባበት) ቁልፍህ፣ ይህ ሁሉ ያለው ሆም ፎልደርህ ውስጥ ነው። አንተ ሆነህ የተነሳ ማንኛውም ፕሮግራም ማንንም ሳያስፈቅድ ያነበዋል። ሌባው ሩት (የሲስተሙ ሙሉ አዛዥ) መሆን ለምን ያስፈልገዋል? ሲስተሙን ከኢንተርኔት በነፃ ታገኘዋለህ፣ የሚሰረቀውማ ያንተው ነው። ዴብ ፋይል ስትጭን ደግሞ ፓስዎርዱን ራስህ ታስገባለታለህ፣ ያኔ የመጫኛ ስክሪፕቱ የሚሠራው በሩት ነው።

«ሺህ ሰው ያየዋል» ስለሚለው ደግሞ ፕዎንኪት የተባለውን ቀዳዳ ማንሳት ይበቃል። ፒኬኤግዜክ የሚባል በየዲስትሮው (በየሊኑክስ ዓይነቱ) ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ተራ ተጠቃሚን በቅጽበት ሩት የሚያደርግ ቀዳዳ ነበረው። ከ2009 ጀምሮ እዚያው ነበር፣ ይፋ የወጣው ጥር 2022 ነው። ኮዱ ያን ሁሉ ዓመት ክፍት ነበር። ክፍት መሆኑ ማንም እንዲያይ ይፈቅዳል እንጂ ማንንም አያስገድድም።

ዲሲ_ማታ_ፈረቃ፦

እዚህ ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተር ነው የምሠራው። የኤክስዜድን ነገር ማንም ካላነሳው እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም ተርሚናል_ወዳጅ «ማን ነው የሚደብቀው» ብሎ ጠይቋል። የደበቀ አለ፣ ስሙ ጂያ ታን ነው። ማለቴ ስሙ ይባል እንጂ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው። የትም ቦታ አለ፣ ማንም አያስበውም። የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር፣ ላሴ ኮሊን ይባላል፣ ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው። ይህ ጂያ ታን በ2021 አካባቢ መጣ። ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ጠቃሚ ማስተካከያ ይልካል። በጎን ደግሞ ሌሎች ስሞች እየመጡ «ፕሮጀክቱ ተጓተተ፣ ሌላ ሰው ጨምር» እያሉ ባለቤቱን ይነዘንዙታል። በስተመጨረሻ ጂያ ታን አብሮ ጠባቂ ሆነ። ከዚያ የካቲት 2024 ላይ 5.6.0 የሚባል ቅጂ አወጣ፣ ቀጥሎ 5.6.1። ሁለቱም ውስጥ የኋላ በር ነበር። በኤስኤስኤች በኩል ሚስጥራዊ ቁልፍ ያለው ሰው ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን እንዲያዝ የሚያደርግ ነው።

የሠራበት ዘዴ ነው የሚያስደምመው። ክፉው ኮድ ለሙከራ የሚያገለግሉ የተበላሹ የታመቁ ፋይሎች መስለው በተቀመጡ ነገሮች ውስጥ ተደብቋል። እነሱን ፈትቶ የሚያስነሳው መስመር ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያየው የኮድ ማከማቻ፣ ጊት ላይ የለም! ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሺህ ዓይን ጊቱ ላይ ቢያፈጥም አያገኘውም።

ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ማይክሮሶፍት የሚሠራ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ሰው። የደህንነት ባለሙያም አይደለም። ዴቢያን ላይ የዳታቤዝ ፍጥነት እየለካ ሳለ ኤስኤስኤች ያለ ወትሮው ሲፒዩ ይበላል። መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘግይቷል። ሌላው ሰው «ኔቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ እሱ ግን ክሩን ይዞ ሄደ ሄደና መጋቢት 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። እኛ ጋ ያን ዓርብ ማንም በጊዜ ወደ ቤቱ አልገባም።

ለፎቶኮፒ ቤት፦ አንተን አልነካህም። ያ ቅጂ የደረሰው ዴቢያን ቴስቲንግ፣ የፌዶራ የሙከራ ቅጂዎች፣ ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ፣ ካሊ፣ እንደነዚህ ያሉ አዲስ ነገር ቶሎ የሚያመጡ ላይ ነው። ሚንት የቆመበት የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው ቅጂ) አልወሰደውም። ለሥራ ቦታ አዲስ ቅጂ ለማሳደድ የማትቸኩል ዲስትሮ መምረጥ ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

አርች_ተጠቃሚ፦

እኛ አርች (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ያለን ሰዎች ስድብ ከመምጣቱ በፊት ራሴ ልናገር። ሐምሌ 2025 ላይ ኤዩአር ላይ (የአርች ተጠቃሚዎች ፓኬጅ የሚጋሩበት) ሦስት ፓኬጆች ተለጠፉ፣ ፋየርፎክስና ሊብረዎልፍን የመሰሉ ብሮውዘሮችን «የሚያስተካክል» ተብለው። ውስጣቸው ካኦስ ራት ነበር፣ ማሽንህን ከሩቅ የሚያዝ። በሁለት ቀን ውስጥ ተወገዱ። ኤዩአር ማንም ተነስቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፣ ዋናው ሪፖዚተሪ አይደለም። ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስበዋል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

የዴስክቶፑን ነገር በደንብ ብላችሁታል። ግን ሊኑክስ ላይ እውነተኛው ጦርነት ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ እዚህ ደግሞ ጥቃት አለ ወይ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። አዲስ ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ተከራይታችሁ የመግቢያ መዝገቡን ክፈቱ። ገና ዌብሳይት ሳታስቀምጡበት፣ አድራሻውን ለማንም ሳትናገሩ፣ «የተሳሳተ ፓስዎርድ ለሩት፣ የተሳሳተ ፓስዎርድ ለአድሚን፣ የተሳሳተ ፓስዎርድ ለኦራክል» እያለ ሲዘንብ ታያላችሁ። ሰው አይደለም የሚያንኳኳው፣ ማሽን ነው፤ እንቅልፍ የለውም።

ሰው እየደወለ «ሰርቨሬ ተንቀራፈፈ፣ ሂሳቡም ጨመረ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ዝርዝር ነው። አንዱ ሲፒዩውን 100 ፐርሰንት ነክሶ ይዟል። ስሙን ስታየው ኬዴቭቲኤምፒኤፍኤስ ይመስላል፣ እሱ የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የራሱ ሠራተኛ ነው፣ ጤነኛ ነው። ደግመህ ስታየው ግን መጨረሻው ላይ አንዲት «አይ» ፊደል ተጨምራበታለች። እሷ ናት ክፉዋ! ኪንሲንግ የሚባለው ማልዌር የሚያስነሳው ሞኔሮ ቆፋሪ ነው፣ ማለትም ባንተ ሲፒዩ ክሪፕቶ ገንዘብ የሚያመርት። ትገድለዋለህ፣ ወዲያው ይመለሳል። ፋይሉን ትሰርዘዋለህ፣ ይመለሳል። ክሮን (በየሰዓቱ ሥራ የሚያስነሳው ሠራተኛ) ውስጥ ሌላ መስመር ተቀምጦ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ደግሞ ሲገባ ቀድመውት የገቡ ሌሎች ቆፋሪዎችን እየፈለገ ይገድላል፣ ሲፒዩውን ለብቻው እንዲበላ።

በየት ገባ? ብዙ ጊዜ ዶከር ወይም ሬዲስ የሚባሉትን የሰርቨር ፕሮግራሞች ያለ ፓስዎርድ ለኢንተርኔት ከፍቶ ከተተወ በር። ገንቢው «ለጊዜው ነው» ብሎ ይከፍተዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ አጽድቶ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። ዳታህን አውጣ፣ ማሽኑን አጥፋው፣ እንደ አዲስ ትከል፣ ፓስዎርዶችና ቁልፎች በሙሉ ይቀየሩ።

ባለማደስ የሚመጣውን ለማወቅ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ የሆነውን እዩ። ናያና የሚባል ዌብ ሆስቲንግ ድርጅት ነው። ሰኔ 2017 ላይ ኤሬቡስ የተባለ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ) 153 የሊኑክስ ሰርቨሮቹን ቆለፈበት። 3,400 የሚሆኑ የደንበኞች ዌብሳይት አብረው ተቆለፉ። ድርጅቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቢትኮይን ለመክፈል ተስማማ። የደህንነት ድርጅቱ ትሬንድ ማይክሮ ሲያየው የድርጅቱ ዌብሳይት የሚሠራበት ከርነል በ2008 የተሠራ፣ ዌብሳይቱን የሚያስኬዱት አፓቼውና ፒኤችፒው ደግሞ የ2006 ቅጂዎች ነበሩ። «ሊኑክስ ነው፣ ምን ይሆናል» ተብሎ ለዓመታት የተተወ ሰርቨር በየቦታው አለ፣ እኛም አገር ጭምር። አንዳንዱ ጋ ስገባ ኡቡንቱ 18.04 ተቀምጦ አገኛለሁ። መደበኛ ድጋፉ 2023 ላይ አልቋል። አፕዴት ለምን አታደርጉም ስል «ይበላሽብናል ብለን» ይሉኛል።

ፎቶኮፒ_ቤት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ግማሹ ከአቅሜ በላይ ቢሆንም ነጥቡ ገብቶኛል።

የጫንኩት ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ግን ከየትኛው ገጽ እንዳወረድኩት አላስታውስም። ይህን ስታነቡ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

ሌላ ነገር፦ ሚንቱን የአክስቴ ልጅ የጫነልኝ ከጓደኛው በወሰደው ፍላሽ ነው። ጓደኛው ደግሞ ከሌላ ሰው። 3 ጊጋ ማውረድ እኛ ሰፈር ቀላል አይደለም። እሱስ ይታመናል?

ሲስተም_ሰው፦

አላስታውስም ካልክማ አውጣው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብዬ ግን አልዋሽህም። ዴብ ሲጫን ሌላ ነገር አስቀምጦ ከሆነ ፕሮግራሙን ስታስወግድ ያኛው አብሮ አይወገድም። ኢቲሲ ውስጥ ክሮን-ዲ የሚባል ፎልደር አለ፣ ክፈተውና የማታውቀው ነገር ካለ ስሙን እዚህ ጻፍልን። ግን ያንተ ማሽን ገና አዲስ ነው፣ ዳታም የለበትም። በእኔ በኩል ልፋት ሳታበዛ ድጋሚ ጫነው።

አይኤስኦውን (የሚንት መጫኛ ፋይሉን) በተመለከተ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣኸው፤ የሆነው ደግሞ በራሱ በሚንት ላይ ነው። የካቲት 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ዌብሳይት ተጠለፈ። የማውረጃው ሊንክ ተቀይሮ ሚንት 17.3 ሲናሞንን ያወረዱ ሰዎች የኋላ በር ያለበት ሱናሚ የሚባል ነገር የተጨመረበት አይኤስኦ አወረዱ። የፕሮጀክቱ መሪ ክሌማን ለፌቭር ወዲያው ይፋ አድርጎ ተናገረ፣ ገጹንም ዘጉት። ከዋናው ገጽ ያወረደ ሰው ይህ ከደረሰበት ከሰው ሰው እጅ የመጣ ፍላሽ ምን ሊሆን እንደሚችል አስበው።

ማረጋገጫው ግን 3 ጊጋ አይጠይቅህም። ሚንት ለእያንዳንዱ አይኤስኦ ሻ256 የሚባል ረጅም ቁጥር ያወጣል፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው፣ በስልክህ ትከፍተዋለህ። ከጓደኛው የመጣውን አይኤስኦ ፋይል ወስደህ ቁጥሩን አስላና አስተያየው። አንድ ፊደል ከተለየ አትጠቀምበት። ልክ ከሆነ ከማንም እጅ ቢመጣ ግድ የለም። ያ ዓይነት ጥቃት ሲደርስ ቁጥሩም አብሮ ሊቀየር ስለሚችል ሚንት ፊርማም አለው፣ የአክስትህ ልጅ ፕሮግራመር ነው ስላልክ እሱን አሠራው። የጫነልህ እሱ አይደል!

የዳውንሎዱን ነገር ደግሞ ሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ አሪያ2 አለልህ። ደብሊውጌትም ከሚንቱ ጋር ይመጣል። ኔት ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ለዚህ ሲባል ጎግል ላይ መንከራተት አያስፈልግም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ቤትህ ካሜራና ዋይፋይ ካለ እሱንም እየው። አብዛኞቹ ሊኑክስ ናቸው፣ ሰው ሊኑክስ መሆናቸውን አያውቅም እንጂ። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ኢንተርኔቱን ያናጋው በእነዚህ ነው። ፋብሪካ ሲያወጣቸው ያላቸውን ስምና ፓስዎርድ ከ60 በላይ ይዞ እየዞረ ይሞክራል፣ አድሚን-አድሚን፣ ሩት-12345 ዓይነት። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ዲን የሚባለውን፣ የዌብሳይት ስሞችን ወደ አድራሻቸው የሚመራ ድርጅት ሲያጠቁት ትዊተር፣ ሬዲት፣ ኔትፍሊክስ አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ተንገዳገዱ። ሚራይን የሠሩት ሦስት ወጣቶች በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ጥፋታቸውን አምነዋል። ኮዱ ግን ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ተለቅቆ ስለነበር ልጅ ልጆቹ እስካሁን አሉ። ሚራይ ሚሞሪ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ራውተሩን አጥፍተህ ስታበራው ይጠፋል፤ ፓስዎርዱን ካልቀየርከው ግን ተመልሶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። አሁኑኑ ቀይረው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚመለከት። ፊንስፓይን ታስታውሱታላችሁ? ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በ2013 የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያውያን ላይ ሲሠራ ያገኘው የስለላ ሶፍትዌር ነው። በ2020 አምነስቲ የዚያኑ ሶፍትዌር የሊኑክስ ቅጂ አግኝቶ ይፋ አድርጓል። ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ጋዜጠኛ ወይም አክቲቪስት የሆነ ሰው ግን «ሊኑክስ ነው የምጠቀመው» ብሎ እንዳይዘናጋ ነው።

ተርሚናል_ወዳጅ፦

እሺ፣ ሁላችሁም ተነስታችሁብኛል፣ ሆም ፎልደሩ ላይ ያለውን ነጥብ እቀበላለሁ። ግን ለፎቶ ኮፒ ቤት ሚንት ከተሰነጠቀ ዊንዶውስ መቶ እጅ ይሻላል፣ ይህን ማንም አይክደኝም። ክራክ የሚለው ፋይል ራሱ ምን ይዞ እንደመጣ ማን ያውቃል።

ይልቅ ማንም ያላነሳው ትልቁ ችግር ሌላ ነው፦ ደንበኛው በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የድሮ የቢሮ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ሊብረኦፊስ (ሚንት ላይ የዎርድ ምትክ) ላይ ምን ልታደርግ ነው? ፎንቱን ብትጭንም መስመሩ ይዘባረቅብሃል፣ ሠንጠረዡ ገጽ ይዘላል። ሰውየው ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል።

ሲስተም_ሰው፦

እውነቱን ነው፣ ቫይረሱን እርሱት፣ ይህ ነው ሥራ የሚያስቆመው። በእኔ በኩል ሁለቱን ሚንት አድርግና አንዱን ዊንዶውስ ተው። ፍላሽ በሙሉ መጀመሪያ ሚንቱ ላይ ይሰካ፣ ይጽዳ፣ ፒዲኤፍ የሆነው እዚያው ይታተም። ዎርድ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ወደ ዊንዶውሱ ይሂድ። ዋይን ጭነህ ኦፊስን ሚንት ላይ ለማስነሳት ብዙ አትታገል፣ ያን ስታደርግ የፍላሹ ኢኤክስኢም የሚነሳበትን በር ከፈትክለት ማለት ነው።

አንቲቫይረስ ላልከው ክላምኤቪ አለ፣ ነፃ ነው፣ ሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ ታገኘዋለህ። የሚጠቅምህ የሰውን ፍላሽ ለመፈተሽ ነው፣ ማለትም ቫይረሱን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው እንዳታሻግር። ሚንትህን ይጠብቅልኛል ብለህ አትተኛ። ደግሞ የቫይረስ ዝርዝሩን ሲጭን ከ1 ጊጋ በላይ ራም ይወስዳል፣ ማሽንህ 2 ጊጋ ከሆነ ያንቀዋል። ራምህ ስንት ነው?

ፎቶኮፒ_ቤት፦

አንዱ 4፣ አንዱ 2። እና ደንበኞች ራሳቸው ቁጭ ብለው ቴሌግራም ከፍተው ፋይል የሚያወርዱበት ነው ባለ 2ቱ። ብዙዎቹ ሳይዘጉት ነው የሚሄዱት።

ዲሲ_ማታ_ፈረቃ፦

ቤትህ ውስጥ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፣ ለዚህ ደግሞ ማልዌርም አያስፈልግም። የሚቀጥለው ደንበኛ ቁጭ ብሎ የሰውን ቴሌግራም ያነባል።

ሚንት ላይ የእንግዳ መግቢያ አለ። የመግቢያ መስኮት ማስተካከያው ውስጥ ተጠቃሚዎች የሚለው ጋ ሂድና «የእንግዳ መግቢያ ፍቀድ» የሚለውን አብራው። ደንበኛው በእሱ ይግባ። ሲወጣ ያወረደው ፋይልም፣ የከፈተው አካውንትም፣ ያስቀመጠው ፓስዎርድም አብሮ ይጠፋል። አንተ ግን ፕሪንት ሳታደርግለት እንዳይወጣ ንገረው፣ ፋይሉም አብሮ ነው የሚሄደው። ክላምኤቪን ባለ 4ቱ ላይ ጫን፣ ባለ 2ቱን ለእንግዳ ተው።